የተተከለና የጸደቀ

ከክረምቱ የተከላ ወራት አስቀድሞ ለአጥቢያ ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዋናው ዝናብ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት በቀሩበት በዚህ በግንቦት ወር ተሰብስበን ስለ ደን ለመነጋገር በመቻላችን ደስ ብሎናል። ከየአጥቢያው የሚደርሱን ጥያቄዎች በአመዛኙ አንድ ዓይነት ናቸው። «ዘንድሮ ስንት ችግኝ እናገኛለን? የትኛው ተራራ ላይ እንውጣ? አውቶቡስስ ይኖራል ወይ?» የሚሉ ናቸው። ጥያቄዎቹ መልካም ናቸው። ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ የዕረፍት ቀኑን ሰጥቶ፣ የራሱ ባልሆነ ተራራ ላይ በጭቃ ተለውሶ ለመዋል ሲጠይቅ መስማት ልብን ደስ ያሰኛል። እኛ ግን ዛሬ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም፣ ዐምና የተተከሉትን ማን ሄዶ አይቷቸዋል? የሚል ነው።

በቋንቋችን አንድ ችግኝ ሥር ይዞ በሕይወት ሲቀር «ጸደቀ» እንላለን። ያንኑ ቃል ለሰውም እንጠቀምበታለን። ችግኝ ለመትከል ግማሽ ቀን ይበቃል፤ መጽደቁ የሚታወቀው ግን ዘግይቶ ነው፤ ዝናቡ አቁሞ፣ የጥር ፀሐይ መትቶት፣ የጎረቤት ፍየል አልፋበት፣ እንደገና ሲያቆጠቁጥ በሚታይበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ከተከላው ቀን በኋላ ስላሉት ቀናት ይሆናል።

የማን ደን ነው?

ስለ ሕዝብ ደን ስንናገር አስቀድሞ ባለቤቱን ማወቅ ያሻል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ደንን በአራት ይከፍለዋል፤ የመንግሥት፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የግል ይለዋል። በክረምት የምንወጣባቸው ተራሮች አብዛኞቹ የመንግሥት ወይም የማኅበረሰብ ናቸው። እንግዲህ በጎ ፈቃደኛ ወደዚያ ሲሄድ ወደ ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ ነው። በር ያንኳኳል፣ ይጠይቃል፣ ባለቤቱ ያሳየውን ሥራ ይሠራል። ከወረዳው ጽሕፈት ቤትና ከቀበሌው ፈቃድ ሳይገኝ፣ የአካባቢውም ሽማግሌዎች ሳያውቁት አንድም ዶማ መነሣት የለበትም።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ደኑም በአፍሪካ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ጥበቃ ከተደረገላቸው ደኖች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ይህን ታሪክ የምናነሣው ስለ ንጉሡ ትእዛዝ ብቻ አይደለም። ትእዛዙ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ አልፏል። ጽዱና ዝግባው ዛሬ ድረስ የቆሙት ግን በየትውልዱ ምሳርን የሚከለክል ሰው በመኖሩ ነው። ስሙ ያልተጻፈው ጠባቂ፣ ስሙ ከተጻፈው አስተካይ ባላነሰ የደኑ አባት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ ከቅርብ ታሪካችን እናገኛለን። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ታወጀ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ከደረሱት የረኀብ ዘመናት በኋላ በብዙ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር እርከን ተሠራ፣ ችግኝም ተተከለ። ገበሬው ለሚሠራው ሥራ ስንዴና ዘይት ይሰፈርለት ነበር። ያ እህል የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል፤ እርከኖቹም በብዙ ቦታ አፈር አስቀርተዋል። ይሁን እንጂ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ በዚያ ጊዜ ከተተከሉት ደኖች ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተቆረጡ። የቆረጣቸውም ሌላ ሕዝብ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ራሱ የተከላቸው የአካባቢው ሰው ነበር። ዛፉን እንደ መንግሥት ንብረት ያየው ስለ ነበረ፣ መንግሥቱ ሲወድቅ ዛፉም አብሮ ወደቀ። የርዳታ ሠራተኞች የሆንን ሁላችን ይህን ነገር ልንዘነጋው አይገባም። እህል ተሰፍሮለት የተተከለ ዛፍ እህሉ ሲቆም ባለቤት ያጣል።

ከዚያ ወዲህም ዘመቻ አልቆመም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በአንድ ቀን ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ሹም ከተራ ሠራተኛ፣ ሽማግሌ ከሕፃን ሳይለይ ሕዝብ በዚያ ቀን መውጣቱን ሁላችንም አይተናል። ይህን ያህል ሰው በአንድ ቀን ማንቀሳቀስ እንደሚቻል ከታወቀ፣ የሚቀረው ጥያቄ ከዚያ ሕዝብ ውስጥ ጥቂቱን በጥቅምት፣ በጥርና በሚያዝያ ወደዚያው ቦታ መመለስ ይቻላል ወይ? የሚለው ነው። የእኛ አጥቢያዎች ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ይህ ይመስለናል።

ከጉቶው የተነሣ ደን

በወላይታ፣ ከሶዶ በስተ ደቡብ፣ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወስደው ወገን የሁምቦ ተራራ አለ። ተራራው በ1960ዎቹ አብዛኛውን ደኑን አጥቶ ነበር። ዛፉ ሲያልቅ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈርና ድንጋይ ይዞ ወደ እርሻው ይወርድ ጀመር፤ ምንጮች ደከሙ፤ ማገዶ ፍለጋ የሚሄዱ ሴቶች መንገድ ረዘመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሕዝብና ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር በመሆን 2,728 ሄክታር የሚሆን የተራራ መሬት ተከልሎ እንዲያገግም ሥራ ጀመረ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ልናስተውላቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ አብዛኛው ደን የተመለሰው በተተከለ ችግኝ አለመሆኑ ነው። ከመሬት በታች ሕያው ሥር ያላቸው ጉቶዎች ነበሩ። ከብት ይግጣቸው፣ ማጭድ ያጭዳቸው ስለ ነበር ቁጥቋጦ ሆነው ቀርተው ነበር። ሲከለሉና ሲመለመሉ ግን ዛፍ ሆነው ተነሡ። ችግኝ የተተከለው ጉቶ ባልነበረበት ቦታ ነው። ሁለተኛው፣ ተራራው ለሕዝቡ በስሙ መሰጠቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙዎች «መሬታችን ሊወሰድብን ነው» ብለው ሠግተው ነበር። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብታቸው በሕግ ከተረጋገጠላቸው በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሣሩን አጭደው ወሰዱ፣ የተመለመለውን ቅርንጫፍ ለማገዶ ተጠቀሙበት፣ ጥበቃውንም ራሳቸው አደራጁ።

በ2002 ዓ.ም. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ስልት ተመዘገበ። ዛፍ ከአየር ስቦ በግንዱና በሥሩ የሚያስቀረው ካርቦን ተለክቶ ስለሚሸጥ፣ በዓለም ባንክ ሥር ያለ ፈንድ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። ደኑ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ያስቀራል ተብሎ ተገምቷል። ማኅበራቱም ካገኙት ገንዘብ ወፍጮና የእህል ማከማቻ አቋቁመዋል። በአንድ ወቅት ጎርፍ ይልክ የነበረ ተራራ ዱቄት መላክ ጀመረ ማለት ነው።

ይህን ዘዴ በስፋት ያስተዋወቀው ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የእርሻ ባለሙያና ሚስዮናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ ኒጀር ሄዶ በማራዲ አካባቢ ችግኝ ያስተክል ጀመር። አብዛኛው ችግኝ በድርቅ፣ በአሸዋና በከብት ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ቀን ከመኪናው ወርዶ በሜዳው ላይ የነበረውን ቁጥቋጦ ቀረብ ብሎ ሲመለከተው፣ ቁጥቋጦ ሳይሆን የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ያቆጠቆጠው ሆኖ አገኘው። ሊተክለው ይደክምለት የነበረው ደን በእግሩ ሥር በሕይወት ነበረ። በኒጀር ገበሬዎች ዘዴውን እርስ በርሳቸው ተማምረው 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ ወደ 200 ሚሊዮን የሚገመት ዛፍ መልሰዋል። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 14 የተቆረጠ ዛፍ እንደገና የማቆጥቆጥ ተስፋ እንዳለው ተመልክቷል። ይህን ክፍል በቀብር ላይ ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን፤ በተራራም ላይ ልናነበው የሚገባ ነው።

ስለሆነም በጎ ፈቃደኞች ወደ አንድ የተራቆተ ቦታ ሲወጡ የመጀመሪያው ሥራቸው ጎንበስ ብሎ መመልከት ይሁን። ወይራና ብሳና ከጉቷቸው ያቆጠቁጣሉ። እንዲህ ያለ ጉቶ ሲገኝ ከብዙዎቹ ቀንበጦች መካከል ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ከሦስት እስከ አምስት ማስቀረት፣ የቀሩትን በተሳለ ማጭድ መቁረጥ፣ ከተረፉትም ላይ የታችኞቹን ቅርንጫፎች መመልመል ነው። ሥሩ አስቀድሞ ጥልቅ ስለ ሆነ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። ጽድ ግን ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ከዘር መነሣት አለበት። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ደንብ መሥራት አይቻልም። የአካባቢውን አዛውንት ይዞ መሄድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ጉቶ የምን ዛፍ እንደ ነበረ እነርሱ ያውቃሉ።

የደኑ ጎረቤት

አሁን ደግሞ ከበድ ወዳለው ነገር እንለፍ። «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ቃል ለሁሉ ሰው እኩል አይደለም። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ሰው አንድ ቅዳሜ በነፃ ቢሠራ ያጣው ዕረፍቱን ነው። ከደኑ ሥር የሚኖር ገበሬ በሐምሌ አንድ ቀን በነፃ ቢሠራ ግን እርሻውን ያጣል። ሐምሌ ለእርሱ የእርሻና የዘር ወር ነው። ስለዚህ የከተማ ምእመናን ወጥተው ተክለው ሲመለሱ፣ «ጥበቃውን የአካባቢው ሕዝብ በነፃ ይሥራ» ብለው መሄዳቸው ፍትሕ የለበትም። ከእርሱ ጉልበት ከተጠየቀ ጥቅሙም ለእርሱ መሆን አለበት። ይህም ሣሩን፣ ማሩን፣ የደረቀውን እንጨትና የምልመላውን ቅርንጫፍ ይጨምራል። የጥቅሙ ድርሻ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ከቀበሌውና ከማኅበሩ ጋር ይያዝ።

ከእንጦጦ ዳገት የማገዶ ሸክም ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን እናቶች ሁላችሁም አይታችኋል። ደን ሲከለል መጀመሪያ «ተመለሺ» የምትባለው እንዲህ ያለችው እናት ናት። ልጆቿ የሚበሉት ከዚያ ሸክም በሚገኘው ገንዘብ ነው። በጎ ፈቃደኞች እርሷን የደን ጠላት አድርገው ሊያዩአት አይገባም። ሸክሟን የሚገዛው ከተማው ነው። ቅዳሜ ተክሎ የተመለሰ ሰው እሑድ ቡናውን የሚያፈላበት ከሰል የየትኛው ግራር እንደ ነበረ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው። አንድ አጥቢያ ቦታ ከመምረጡ በፊት፣ በዚያ ቦታ ማን እንጨት እንደሚለቅም፣ ማን ከብት እንደሚያሰማራ ይጠይቅ። ለእነዚያ ሰዎች ሌላ መንገድ ሳይታሰብ የሚተከል ችግኝ በሌሊት ይነቀላል፤ የነቀለውንም ሰው ለመፍረድ ያስቸግራል።

በፕሮጀክት ሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦቻችን ለዚህ የቀረባችሁ ናችሁ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ በጓሮ የሚተከል የማገዶ ዛፍ፣ አጭዶ የማብላት ትምህርት፣ የንብ ቀፎ የመሳሰሉት ሁሉ ከደን ሥራ ተለይተው እንዳይታዩ አደራ እንላለን። ባሕር ዛፍ እንኳ በተፈጥሮ ደን ውስጥ ሲገባ ቢጎዳም፣ ከእርሻና ከውሃ ራቅ ብሎ በራስ ይዞታ ሲተከል ከወይራው ላይ ምሳር ያነሣል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ከዚህ ቀጥለን ለአጥቢያዎች የሚጠቅመውን የሥራ ቅደም ተከተል ባጭሩ እናስቀምጣለን። ወራቱ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ለሚዘንብባቸው ለደጋና ለወይና ደጋ አካባቢዎች የሚስማሙ ናቸው።

አንደኛ፣ በግንቦት ጉድጓድ ይቆፈራል። ተከላው ከመድረሱ አስቀድሞ የተቆፈረ ጉድጓድ አፈሩ ይፍታታል፣ የመጀመሪያውንም ዝናብ ይጠጣል። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻው ይቀመጥ፤ በተከላ ጊዜ ወደ ሥሩ የሚመለሰው እርሱ ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከጉድጓዱ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ትንሽ ክትር ይሠራ፤ ውሃ ይዞ ያቆይለታል።

ሁለተኛ፣ በሰኔ ችግኝ ጣቢያው ይጎበኛል። በቁመቱ የሚያምር ችግኝ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ግንዱ ወፈር ያለ፣ ጥላው ተነሥቶለት ውሃው ቀነስ ተደርጎለት ፀሐይ የለመደ ችግኝ ይመረጥ። ለተፈጥሮ ደን የአገሩ ዛፍ ይጠየቅ፤ እንደ ቦታው ከፍታ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ ማለታችን ነው።

ሦስተኛ፣ መሬቱ ጠልቆ ከራሰ በኋላ በሐምሌ ይተከላል። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የሚተከል ችግኝ ሥሩን ሳያጠልቅ በጋው ይደርስበታል። ችግኙ በግንዱ ተይዞ አይሸከምም፤ ከሥር በላስቲኩ ይያዛል። ላስቲኩ በምላጭ ተቀድዶ ይውጣ፤ ተሰብስቦም ወደ ከተማ ይመለስ። ሥሩ ሳይታጠፍ፣ ግንዱ በጣቢያው ከነበረበት አፈር በላይ ሳይቀበር ተተክሎ አፈሩ በእግር ጠበቅ ይደረግ። ዝናብ መጣ ተብሎ መሯሯጥ አያስፈልግም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

አራተኛ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይታረማል፣ ይኮተኮታል፣ በሥሩም ዙሪያ ደረቅ ሣር ይለብሳል። ሣር ግንዱን እንዳይነካ ትንሽ ራቅ ይበል። በጥቅምት የመጀመሪያው ቆጠራ ይደረጋል። ከ200 ችግኝ 150 በሕይወት ካለ ከመቶ 75 ጸድቋል ማለት ነው። የሞቱትም ለምን እንደ ሞቱ ይጻፍ፤ በከብት፣ በውሃ መተኛት፣ በምስጥ ወይስ በአተካከል? ያለ ምክንያት የተመዘገበ ቁጥር ለሚቀጥለው ዓመት አያስተምርም።

አምስተኛ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የእሳትና የከብት ወራት ናቸው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ በደረሰው ከፍተኛ ቃጠሎ ገበሬዎች፣ ወታደሮችና ተማሪዎች ዘምተው እሳቱን ሲታገሉ እንደ ነበር የምታስታውሱ አላችሁ። እሳት ከተነሣ በኋላ ሥልጠና የሌለው በጎ ፈቃደኛ ቢደርስም ሊያደርገው የሚችለው ጥቂት ነው፤ ለሕይወቱም ያሰጋዋል። ከመነሣቱ በፊት ግን ብዙ ይሠራል። በደኑ ዳርቻ የእሳት መከላከያ መስመር ጠርጎ ማጽዳት፣ ደረቅ ሣሩን ለከብት እንዲታጨድ ማድረግ፣ ማር ቆራጮችን በጭስ አጠቃቀም ላይ ማነጋገር ይችላል።

ስድስተኛ፣ በሚያዝያ ሁለተኛው ቆጠራ ይደረጋል። በጋውን ያለፈ ችግኝ ተስፋ ያለው ነው። በሞቱት ምትክ በሚቀጥለው ሐምሌ ይተካል፤ የሚተካውም የሞቱበት ምክንያት ከተወገደ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ስትሰሙ «ለመትከል አንድ ቀን፣ ለመጠበቅ ግን ዓመቱን ሙሉ» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ልክ ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ሰው በገነት በተቀመጠ ጊዜ የተሰጠው ሥራ ሁለት ነበር፤ ማልማትና መጠበቅ። ለመጀመሪያው ሥራ ብዙ ሕዝብ ይገኛል፣ መዝሙር አለ፣ ፎቶግራፍም አለ። ለሁለተኛው ሥራ የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ዛፉ የሚጸድቀው ግን በእነርሱ ነው።

የምናቀርብላችሁ ሐሳብ

እንግዲህ ለዘንድሮው ክረምት የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

እያንዳንዱ አጥቢያ ከወረዳው ጋር ተነጋግሮ አንድ ትንሽ ቦታ ለሦስት ዓመት ይውሰድ። የችግኙ ብዛት በአውቶቡሱ ወንበር ሳይሆን ተመላልሶ በሚጠብቀው ሰው ይወሰን። ለአንድ ሰው አምስት ችግኝ ብንመድብ፣ 40 ሰዎች ያሉት የወጣት ማኅበር 200 ችግኝ ይይዛል ማለት ነው። 200 ለጋዜጣ የሚበቃ ቁጥር አይደለም። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አምስት ችግኝ ለማንም ሸክም አይሆንም። በዓመት አራት ጊዜ፣ ይኸውም በሐምሌ፣ በጥቅምት፣ በጥርና በሚያዝያ፣ ሁሉም ወይም ተወካዮቻቸው ይሄዳሉ። አዛውንቶች መሄድ ባይችሉ ስንቅ ያዘጋጃሉ፤ ልጆች ይቆጥራሉ፤ መጻፍ የሚችል ይመዘግባል።

መመለስ የማይችል አጥቢያ ካለ ደግሞ ባይተክል ይሻላል ብለን በግልጽ እንናገራለን። ቃሉ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ለአንድ ቀን ጉዞ የሚወጣው የአውቶቡስ ኪራይ፣ የምሳና የቲሸርት ገንዘብ ለደኑ ጎረቤቶች ማኅበር ለማጭድ፣ ለቀፎ ወይም ለጥበቃ ሠራተኛ ቀለብ ቢሰጥ ብዙ ዛፍ ያድናል። በአካል አለመሄዱ በጎ ፈቃዱን አያሳንሰውም።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ አንድ ልመና አለን። በሪፖርት ቅጻችን ላይ «የተተከለ» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «የጸደቀ» የሚል ዓምድ ይጨመር፤ የተቆጠረበት ቀንም ይጻፍበት። በዚህ ዓምድ የሚገባው ቁጥር ከመጀመሪያው ማነሱ አይቀርም። ደጋፊዎቻችን ይህን ሲያዩ ይከፋሉ ብለን አንፈራም። ለአንድ ችግኝ ሳንቲሙን የሰጠ ምእመን፣ ችግኙ መሞቱንና ለምን እንደ ሞተ የማወቅ መብት አለው። እውነቱን ያወቀ ደጋፊ በሚቀጥለው ዓመት አብሮን ይቆያል።

በመጨረሻ፣ ይህ ሥራ ለሠሪውም ያለውን ጥቅም ሳንጠቅስ አናልፍም። አምስት ችግኝ ሦስት ዓመት የጠበቀ ወጣት ዝናብና አፈርን ያውቃል፤ የገበሬውን ስም ያውቃል፤ የእረኛውንም ችግር ያውቃል። ከተማ ተቀምጦ ስለ ገጠር ልማት ከሚሰማው ትምህርት ይህ ይበልጣል። የደኑም ጎረቤት፣ በየሐምሌው መጥተው የሚሄዱትን ብዙ ሰዎች አይቷል። በጥር የሚመለሱትን ሲያይ ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን ይረዳል፤ ምናልባትም ማጭዱን ይዞ አብሯቸው ይወጣል።

ከመለያየታችን በፊት የየአጥቢያው ተወካይ የመረጠውን ቦታና ተመላልሰው የሚጠብቁትን ሰዎች ቁጥር በመዝገቡ ላይ እንዲያስገባ እንለምናለን። የችግኙን ቁጥር አሁን አትጻፉ። እርሱን በሚያዝያ፣ ሁለተኛው ቆጠራ ሲደረግ አብረን እንጽፈዋለን።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።